ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው?

ሰኔ 4፣ ሰኞ

ተፈቀደልን። አቶ አይሆንም «እሺ» አለ።

ይህ ሰው የተርሚናላችን ኃላፊ ነው። ገና አፋችንን ሳንከፍት «አይሆንም» ስለሚለን ነው ስሙ የወጣለት፤ ራሱም ሳያውቅ አይቀርም። ዛሬ ግን ሲስተር ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አላፈናፈነችውም። ሲስተር ነርስ ናት። ለሥራ ተብለው ተወስደው፣ ተሸጠውና ተደብድበው የተመለሱ ሴቶችን በሚያስጠጋ መጠለያ ውስጥ ትሠራለች። ድምጿን ሳትጨምር፣ «ልጆቹ ሲሄዱ በእርስዎ በር ነው የሚወጡት። ሲመለሱም በእርስዎ በር ነው የሚገቡት። በመሃል የቆሰሉትን የማጥበው እኔ ነኝ» አለችው። ሰውዬው እስክሪብቶውን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ከዚያ፣ «መንገደኛ የሚያስደነግጥ ነገር ግድግዳዬ ላይ አልፈልግም። ትንሽ ይሁን። ክረምቱ እስኪወጣ እንየው» አለ። ክረምት ደግሞ ልጆቹ በብዛት የሚሄዱበት ወቅት ነው።

ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ። በመረጃ ክፍል እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ቢሰበሰብ «ወለሉ እርጥብ ነው» እና «ሻንጣዎን ጥለው አይሂዱ» ነው። አሁን ለሰው የሚደርስ ነገር ልጽፍ ነው። ክንፍ አውጥቼ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ደግሞ ሌላ የምሥራች ጠበቀኝ። ጋሼ መጥተው ነበር። የአባታችን የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ አባታችን ታሞ ሲተኛ ከአልጋው ሥር ያልጠፉ ሰው። ለታናሼ ውጭ አገር ሥራ አግኝተውላታል። ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ እንግዳ መቀበያ። እማዬ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። ታናሼ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች። ልጅቷ ደስታዋን መግለጽ አትችልበትም።

ሰኔ 7፣ ሐሙስ

እኔ የነበረኝ ሐሳብ በድምፅ ማጉያ ማንበብ ነበር። «ችግር ላይ ያላችሁ እህቶች ሆይ» ብዬ፣ በረራ በምጠራበት ድምፅ። ሲስተር እስኪበቃት ሳቀች። «አብሯት ያለውስ ሰውዬ ጆሮ የለውም?»

እውነቷን ነው። ከዚያ አንድ ነገር አደረግን። እኔ የምትወሰደዋን ልጅ ሆንኩ፣ እሷ ክንዴን የያዘው ሰው። ከመግቢያው ጀምረን ሄድን። መመዝገቢያው ጋ እሷ ተናገረችልኝ። ፓስፖርት ማሳያው ጋ ከእጇ አውጥታ ሰጠችልኝ። ካፌው ውስጥ የምጠጣውን እሷ አዘዘችልኝ። ጨዋታ መሆኑን እያወቅሁ ያዘዘችልኝን ጠጣሁ። እንዲህ እየሄድን ሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ ደረስንና ሁለታችንም ቆም አልን። ሰውዬው ከዚህ አያልፍም። እዚህ ብቻ ብቻዋን ናት።

የበሩ ጀርባ። ቆልፋ ስትቀመጥ ዓይኗ የሚያርፍበት ቦታ።

ከደስታዬ ብዛት ካፌው ውስጥ ቦርሳዬን ረስቼ ሄድኩ። «ሻንጣዎን ጥለው አይሂዱ» የምትለዋ ሴትዮ።

ሰኔ 11፣ ሰኞ

በችኮላ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ወደቀ። «የሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ሰለባ ከሆኑ…» ብዬ ነበር። ሲስተር መጠለያው ወስዳ አስነበበችልኝ። አንዷ አንብባ፣ «ይሄ ስለኔ አይደለም። እኔ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ» አለች። ራሱን ሰለባ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ቀደድኩት። እንደገና።

ሰኔ 13፣ ረቡዕ

ዛሬ ከሥራ በኋላ እኔው ራሴ መጠለያው ሄድኩ። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ልብስ እያጣጠፉ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እያጣጠፍኩ፣ «ያን ቀን አየር ማረፊያው ውስጥ ምን ብታነቡ ኖሮ ትቆሙ ነበር?» አልኳቸው።

መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ጀመረች፤ «ፖሊስ የሚል ነገር ባይ እሸሽ ነበር። ጥፋተኛዋ እኔ መስዬኝ።» ሌላዋ፣ «ስልክ ቁጥር ብትጽፊ ምን ይጠቅመኛል? ስልኬን ቀምቶኛል።» አንጓዋ ላይ የብረት ካውያ ጠባሳ ያለባት ልጅ ደግሞ፣ «የሚነግሩሽን አትስሚ። እኔ ያን ቀን ምንም ብታሳዪኝ አልቆምም ነበር። ደስ ብሎኝ ነበራ» ብላ የሳቀችው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ቤት ስገባ ታናሼ አልጋዋ ላይ ሆና ቀሚስ ትተኩሳለች፤ ማለቴ ትጠግናለች። ራሴን ካውያው ይዞኛል። የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። መርፌዋን አቁማ ሰማችኝና፣

«እቴቴ፣ ፓስፖርት ሰው ጋ መቀመጡ ችግር አለው?» አለችኝ።

«የማን ፓስፖርት?»

«ያንዲት ጓደኛዬ። እዚያ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት።»

እንደ ተማሪ ቤት አስተማሪ ተነሥቼ ቆምኩ። ፓስፖርት ከባለቤቱ እጅ መውጣት እንደሌለበት፣ የምትሄድበትን አድራሻ ቤተሰቧ ማወቅ እንዳለበት፣ ሥራው ከተነገራት ከተለወጠ ቆም ብላ ማሰብ እንዳለባት ለፈለፍኩ። በለፈለፍኩበት መሃል መብረቅ እንደመታኝ ዝም አልኩ። ጽሑፉ ይኸው። ጥያቄ ነው መሆን ያለበት። ማንም ራሷን ሰለባ አትልም፤ ፓስፖርቷ ማን ጋ እንዳለ ግን ሁሏም ታውቃለች።

ግንባሯን ሳምኳት። «እቴቴ፣ ሌላም ነገር…» ስትል ሰማኋት መሰለኝ፤ እኔ ግን ወረቀት ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ነገ እጠይቃታለሁ።

ሰኔ 19፣ ማክሰኞ

ታተመ። ቢጫ፣ ከመዳፍ የሚበልጥ አይደለም። ማንበብ ለማይችሉ ፓስፖርት የያዘ እጅ ተስሎበታል። እንዲህ ይላል፦

«ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው? የምትሄጂበትን ቤት አድራሻ ታውቂዋለሽ? ሥራው መጀመሪያ ከተነገረሽ ተለውጧል? ፈርተሽ ከሆነ ከዚህ ሳትወጪ በዚህ ቁጥር ደውዪ። ስልክ ከሌለሽ ግድግዳው ላይ ያለውን መጥሪያ ተጫኚ። ሴት ትመጣልሻለች። አትታሰሪም። አትገደጂም። ምርጫው ያንቺ ነው።»

መጥሪያው ድሮም ለታመመ ሰው ተብሎ የተተከለ ነው፤ አሁን ሲስተር ጋም ይደውላል። ከሻንጣ መረከቢያው ጀርባ ጠባብ ክፍል ተሰጥቷታል፦ ሶፋ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ቁልፉ ከውስጥ እንዲሆን ሙጭጭ ያለችው ራሷ ናት።

ማታ ጋሼ መጡ። የታናሼ ፓስፖርት ወጥቷል። እንዳይጠፋባት እሳቸው ጋ ይቀመጣል። ሥራው ደግሞ ለጊዜው እንግዳ መቀበያ ሳይሆን የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ነው አሉ፤ ቆይታ ታድጋለች። ሰው ሁሉ ከታች ነው የሚጀምረው። ታናሼ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔም ደስ ይበላት ብዬ ጠቀስኳት።

አንድ ነገር ሽው አለብኝ፣ አልክድም። ግን የጋሼ ነገር ሌላ ነው። አባታችንን ሽንት ቤት ደግፈው የወሰዱ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው መጠርጠር ነውር ነው።

ሰኔ 26፣ ማክሰኞ

ለጠፍን። መንገደኛ በሚሄድበት መውጫው በኩል ሁሉም የመጸዳጃ ቤት በሮች፣ በሚመለስበት መግቢያው በኩልም ሁሉም በሮች። ጣቶቼ በሙጫ ተጣብቀው የዛሬውን የመጨረሻ በረራ ማይክራፎኑ ላይ ተጣብቄ ነው የጠራሁት።

ከቀትር በኋላ አንዱ በጥፍር ተፍቆ አገኘሁት። የፋቀችው ማን ናት? ተናድዳ ነው ወይስ ቁጥሩን ይዛ ልትሄድ ፈልጋ? ሲስተር «ማንም ትሁን፣ አንብባዋለች ማለት ነው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ይህን እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልኩ።

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

አልተደወለም። ዛሬም።

ሐምሌ 6፣ ዓርብ

ተደወለ። ተደወለ። ተደወለ።

መግቢያው በኩል ነው። ከውጭ የተመለሰች ልጅ፣ ሻንጣ የላት፣ ጫማ የላት፣ በቤት ነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። ወዴት እንደምትሄድ ስላላወቀች መጸዳጃ ቤት ገብታ ተቀመጠች፣ አነበበች፣ ተጫነች። ሲስተር ስትደርስ፣ «የተጻፈው እውነት ነው?» ብላ ነው የጠየቀቻት። አሁን ሶፋው ላይ ተኝታለች። በሩን ራሷ ነው የቆለፈችው። እኔ ከውጭ ቆሜ የእንቅልፏን ትንፋሽ ሰማሁ። የጻፍኩት ነገር ሰው አስተኛ።

የሠራተኞች ሻይ ክፍል ስገባ ሁለቱ የመመዝገቢያ ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ። «እሷ በር ላይ ትለጥፋለች፣ እህቷን ደግሞ ትሸኛለች» አለች አንዷ። ሲያዩኝ ስለ ስኳር ማውራት ጀመሩ። ቅናት ነው። ዛሬን የመሰለ ቀን በዚህ አላበላሽም።

ሐምሌ 12፣ ሐሙስ

ስብሰባ። አቶ አይሆንም፣ «መግቢያው በኩል ጥሩ ነው፤ የተጎዳ ሰው ይረዳል። መውጫው በኩል ግን አንድም አልተደወለም። ምናልባት ችግሩ የለም ማለት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይነሣል» አለ። ሲስተር፣ «ችግሩ የለም ወይስ ጽሑፉ አልደረሰም?» አለች።

ይህ ጥያቄ ዕረፍት ነሳኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። «ምርጫው ያንቺ ነው» የሚለውን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ? ቢጫው ደማቅ ሆነ? መንገድ ላይ ሁሉ እያሰብኩ አውቶቡሴን ሁለት ፌርማታ አሳለፍኩት። ለእማዬ መድኃኒቷን ሳልገዛ ገባሁ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ፤ ለሰው እያሰብኩ የራሴን የምረሳ።

ሐምሌ 15፣ እሑድ

ጋሼ ምሳ አብረውን በሉ። ውሉን ይዘው መጥተዋል፤ ታናሼ ፈርማለች። በማናውቀው ቋንቋ ነው የተጻፈው። «እስቲ ልየው» ብዬ እጄን ስዘረጋ ጋሼ እየሳቁ፣ «አንቺ ደግሞ አየር ማረፊያውን ተሸክመሽ ቤት መጣሽ?» አሉኝ። እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እውነትም ሥራዬን ቤት እያመጣሁ አስቸግሬያቸዋለሁ። ሥራው የሆቴሉ ባለቤት ቤት ሆኗል፤ ከሆቴል ግርግር የሰው ቤት ይሻላል፣ ልጅ ጥሩ ትያዛለች አሉ። እማዬ «ተመስገን» አለች።

ታናሼ የጎረሰችውን ማላመጥ ከብዷት ነበር። ናፍቆቱ ከአሁኑ ጀምሯታል።

ዕቃ ስናጥብ ድንገት፣ «ሲስተር ምን ዓይነት ሰው ናት? ትቆጣለች?» አለችኝ።

«ኧረ እሷ እቴ፤ ብትቆጣ ደግ ነበር።»

«የደወለች ልጅ ለቤተሰቧ ይነገርባታል?»

«እሷ ካልፈለገች ለማንም አይነገርም።»

«ላንቺም?»

«ለኔም። እኔ ጽሑፍ ጻፊ ብቻ ነኝ።»

ደስ አለኝ። ስለ ሥራዬ ተጨንቃ ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐምሌ 22፣ እሑድ

ነገ ትሄዳለች። ሻንጣዋ ተዘጋ። ከሰዓት ነው በረራው፤ ፈረቃዬን ቀይሬ ውስጥ ድረስ እኔው እሸኛታለሁ። በድምፅ ማጉያው በረራዋን የምጠራው እኔ ብሆን ብዬ ነበር፤ እማዬ «አታስለቅሺን» አለችኝ። መኝታ ላይ ታናሼ እጄን ያዘች። ትንሽ ልጅ ሳለች እንጂ ከዚያ ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እጇ በረዶ።

ሐምሌ 23፣ ሰኞ

ሁሉንም በተራ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ የማምነው አይመስለኝም።

እማዬን በር ላይ ተሰናብተን ገባን። ጋሼ አብረው ሊበሩ፣ ሌሎች ሁለት ልጆች ይዘው ጠበቁን፤ አንዷ ጠይም፣ አንዷ ቀጭን። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቦርሳ አንግተዋል። መመዝገቢያው ጋ ጋሼ ተናገሩላቸው። ፓስፖርት ማሳያው ጋ ሦስቱንም ከቆዳ ቦርሳቸው አውጥተው ሰጡላቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አየሁ። «እንዴት ያለ አባት ነው» ብዬ አሰብኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ያሰብኩት ይህንን ነው።

መጠበቂያው አዳራሽ ስንደርስ ታናሼ «መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ» አለች። ጠይሟ ተከተለቻት። ቀጭኗ ጋሼ ጎን ተቀምጣ ቀረች። እኔና ጋሼ ስለ አየሩ እናወራለን፣ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ናት።

«ከመውጫው በኩል ተደወለ» አለችኝ።

ከመውጫው በኩል፤ ስጠብቀው የከረምኩት። ወዲያው ሲስተር ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር በሠራተኞች በር ብቅ ብላ በፍጥነት አለፈች። «ጋሼ፣ ሥራ ነው፣ መጣሁ» አልኳቸው። «ሂጂ ሂጂ፣ እኔ አለሁላቸው» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ፖሊሷ ላይ ነበር።

ሲስተር እንዳልቀርብ በእጇ ከለከለችኝ። ዓምዱን ተደግፌ በሩን አፈጣለሁ። አቶ አይሆንምን ምን ብዬ እንደምነግረው በልቤ እየተለማመድኩ ነበር። ድንገት ታናሼ ትዝ አለችኝ፤ እዚያው ውስጥ ናት፣ መንገድ ትዘጋባቸዋለች። «ቶሎ ውጪ፣ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው» ልላት አንድ እግሬን አነሣሁ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ፖሊሷ ወጣች። ቀጥላ ጠይሟ። ከዚያ ሲስተር፤ እጅጌዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ የያዘች ልጅ ከኋላዋ አለች። ያቺን ጸጉር እኔ ነኝ ትናንት የጎነጎንኩት።

ሲስተር ክፍል እንደገባን ታናሼ ሶፋው ላይ ሳትቀመጥ ተናገረች። ባለፈው ሳምንት ጋሼ በስልክ ሲያወራ ሰምታለች፤ «ሁለቱ ጠንካራ ናቸው፣ ሦስተኛዋ ትለምዳለች» ሲል። እንደደረሳችሁ ሲም ካርዱን ጣሉ፣ አድራሻ ለቤተሰብ አትስጡ ብሏቸዋል።

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነገርኩሽ እኮ እቴቴ። ጓደኛዬ እያልኩ ስንቴ ነገርኩሽ።»

«ለምን ‹እኔ ነኝ› አላልሽም?»

«‹ጋሼ እኮ ናቸው› ትይኛለሽ። አትይኝም ነበር?»

ሲስተር አዳነችኝ፤ «ሦስተኛዋስ?» ብላ።

ሮጠን ስንወጣ መቀመጫው ባዶ ነው። መሳፈሪያው በር ላይ ያለው ልጅ፣ ቀጭኗ ብቻዋን አልፋ አውሮፕላኑ ውስጥ መግባቷን ነገረን። ሰውዬው ፓስፖርቷን እጇ ላይ አድርጎ «የሚቀበልሽ ሰው አለ፣ እኔ እደርሳለሁ» ብሏት ወደ ውጭ ዞሯል። ፖሊሷ እሱን ተከትላ ሄደች። እኔ አቶ አይሆንምን መተላለፊያው ላይ አገኘሁትና እያለከለክሁ ነገርኩት። የሚለውን አውቀዋለሁ፤ በረራ አይዘገይም፣ ደንብ ነው። ሬዲዮውን አወጣ። ከወዲያ በኩል «በሩን ልንዘጋ ነው» ይሉታል። «አይሆንም» አለ። እንደገና አሉት። «አይሆንም አልኩ እኮ።» ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን ቆመሻል፣ ሩጪ» አለኝ።

ሮጥኩ። ጫማዬን የት እንዳወለቅሁት እንጃ።

ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ቀበቶዋን አሥራ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ፣ በሰዎቹ ሁሉ ፊት፣ «ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው?» አልኳት።

«ይኸው» ብላ አሳየችኝ። «እኔ ጋ።»

አዎ፣ እሷ ጋ ነው። ሌላውን ቀጠልኩ፤ ስለ አድራሻው፣ ስለ ሥራው፣ እንደማትታሰር። ምርጫው ያንቺ ነው አልኳት። በጨዋነት ሰማችኝና፣ «መርጫለሁ። እናቴ ታማለች። ሄጄ እሠራለሁ» አለች። አስተናጋጇ ሰዓቷን አየች። የጻፍኩት ቃል በሙሉ አልቆብኛል። እንኳን ሰው፣ መቀመጫውንም የሚያንቀሳቅስ ቃል አልቀረኝም። ስልኬን አውጥቼ ሲስተር ጋ ደወልኩና፣ «ታናሼን አቅርቢልኝ» አልኩ። ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት።

ሰማች። ሰማች፣ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ እንደገና ሰማች። ከዚያ ቀበቶዋን ፈታችና፣ «ቦርሳዬ ከላይ ነው፣ አውርጂልኝ» አለችኝ።

ቦርሳዋን ይዤ ደረጃውን ስወርድ ሳቅም ለቅሶም ተደባልቆብኝ ነበር። ሰውዬው መኪና ማቆሚያው ላይ ተይዟል።

ሐምሌ 24፣ ማክሰኞ

እማዬ አላመነችም። «እሳቸው? ከዚህ ቤት እንጀራ የቆረሱት?» ትላለች። እሷ አሁንም «እሳቸው» ነው የምትለው። እኔ ከትናንት ወዲህ «እሱ» ብያለሁ፣ አፌ ላይ ግን ይጎረብጣል። አንዴ እኔን ትቆጣለች፣ «አየር ማረፊያ ተቀምጠሽ እንዴት አታውቂም?» ብላ። አንዴ ታናሼን፣ «እንዴት ለእናትሽ አትነግሪም?» ብላ። በመጨረሻ ሁለታችንንም ግራና ቀኝ አስተኝታ እሷ መሃል ተኛች።

እንዴት አላወቅሁም? እያንዳንዱን በእጄ ጽፌዋለሁ። ፓስፖርት፣ አድራሻ፣ የተለወጠ ሥራ። ደስ ብሎኝ ነበራ።

ሐምሌ 30፣ ሰኞ

አቶ አይሆንም አስጠራኝ። ጽሑፉ አይነሣም። ይህን ካለ በኋላ አላሰናበተኝም፤ እስክሪብቶውን እያገላበጠ፣ «ወንዶቹስ?» አለኝ። «ለግንባታ፣ ለዓሣ ጀልባ ተብለው የሚወሰዱት ወንዶች? እነሱ በር አይቆልፉም እንዴ?» ማታውኑ ጀመርኩ። «ፓስፖርትህ ማን ጋ ነው?» አንድ ፊደል ብቻ ለውጬ ተስፋዬ እንደገና ነደደ።

ሻይ ክፍል ያቺ ስለ ስኳር ያወራች ልጅ አየችኝና አቀረቀረች። ጎኗ ሄጄ ተቀመጥኩ። «እውነትሽን ነበር» አልኳት። ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ።

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

ታናሼ ወደ ልብስ ስፌቷ ተመልሳለች። ጠይሟ አገሯ ገባች። ቀጭኗ ገና መጠለያው ውስጥ ናት፤ እናቷ በእርግጥም ታማለች፤ ለዚህ የሚሆን ጽሑፍ የለኝም። ሲስተር ሐኪም እያፈላለገች ነው። ታናሼ ከሥራ ስትወጣ ሁልጊዜ ወደ እሷ ነው የምትሄደው። ዛሬ አብሬያት ሄድኩ።

መንገድ ላይ፣ «ያን ቀን በስልክ ምን ብለሻት ነው?» አልኳት። እስከ ዛሬ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም ነበር።

«አንቺ የጻፍሽውን ልላት ነበር። ጠፋኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹ፈርቻለሁ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ነይልኝ› አልኳት።»

ይኸው ነው። ሁላችንም ልናድናት ነበር የሮጥነው። ታናሼ ግን ድረሽልኝ አለቻት።

መጠለያው ደረስን። ቀጭኗ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። እኔን ልብ አላለችኝም። የታናሼን ክንድ ያዘችና፣ «ዘገየሽብኝ» አለቻት።